የኤረር ዝንጀሮዎች ከተጠኑ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ስላሉ ገበሬዎችና ማሳቸውን ስለሚያጠፋባቸው ዝንጀሮ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ማሽላው ስለተበላበት ሰው የተጻፈው እውነት ነው። እዚያ አካባቢ ዘመዶች አሉኝ። እሸት ሲደርስ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እየቀሩ ማሳ ይጠብቃሉ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ መጨረሻው አካባቢ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ነው። አንደኛው፣ የአካባቢው ዝንጀሮዎች እስካሁን ተጠንተው አያውቁም ይላል። ሁለተኛው፣ ወንዶቹ በሴት ጉዳይ ሲገዳደሉ የሚውሉ ናቸው ይላል። ስለ ማሳ ጥበቃውም የምለው ነበረኝ። ግን መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ከእነዚህ ሁለቱ ልጀምር።

ተጠንተዋል። ደግሞ እንደዋዛ አይደለም። ዓለም ስለ ሀማድርያስ ዝንጀሮ (የእኛ አካባቢው ዝንጀሮ ዝርያ ነው) ኑሮ የሚያውቀው ነገር መሠረቱ የተጣለው ኤረር ጎታ፣ የምድር ባቡር ጣቢያው አካባቢ ባሉ ገደሎች ላይ ነው። ሥራውን የጀመረው ሀንስ ኩመር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የእንስሳት ተመራማሪ ነው። በመላው ዓለም የእንስሳትን ጠባይ የሚማሩ ተማሪዎች ስሙን ያውቁታል። እኛ ግን እንኳን ስሙን፣ መምጣቱንም አናውቅም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ኤረር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሃዲድ ይጠግን ነበር። አሁን የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። ነገሩ የሰፈሬ ጉዳይ ስለሆነ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ኩመር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1930 ዙሪክ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዝንጀሮ ማየት የጀመረው እዚያው ከተማ ባለው የአራዊት ማቆያ ነው። የማቆያው ኃላፊ ሄይኒ ሄዲገር የታጠረ እንስሳ ምን እንደሚሰማውና እንዴት እንደሚኖር በቁም ነገር የመረመረ ሰው ነበር። ኩመር ለዶክትሬቱ እዚያ የነበሩትን ሀማድርያሶች ሲመለከት ከርሞ በ1957 ጥናቱን አሳተመ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን የማንን ፀጉር እንደሚያበጥር፣ ማን ማንን እንደሚፈራ አንድ በአንድ መዘገበ። ሲጨርስ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው። ይህ ሁሉ የዝንጀሮው የራሱ ጠባይ ነው ወይስ አጥሩ ያመጣበት?

ጥያቄው ከባድ የሆነበት ምክንያት አለ። በዚያን ጊዜ ስለ ሀማድርያስ የሚወራው በአብዛኛው ከለንደን የመጣ ነበር። በ1925 የለንደን የአራዊት ማቆያ ሰው ሠራሽ የድንጋይ ኮረብታ ሠርቶ መቶ ገደማ ሀማድርያሶች ለቀቀበት። ሁሉም ማለት ይቻላል ወንዶች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴቶች ተጨመሩ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ወንዶች በጥቂት ሴቶች ላይ ተረባረቡ። ደም ፈሰሰ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ በዚያ ግርግር መሃል ሞቱ። ሶሊ ዙከርማን የተባለ ሳይንቲስት ይህን ተመልክቶ በ1932 መጽሐፍ አወጣ። የዝንጀሮን ማኅበር አንድ አድርጎ የያዘው ወሲብ ነው፣ የሚገዛውም ጉልበት ነው የሚል ስዕል ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ጋዜጣችሁ ላይ የወጣችው ስለ መገዳደል የምታወራው ነጥብ የዚያ ስዕል የልጅ ልጅ ናት።

ይህ እኮ የድሬን ሰው ጠባይ በበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ላይ ትኬት ሲሻማ አይቶ እንደመፍረድ ነው።

ኩመር የመረጠው መንገድ ቀላል ይመስላል። እንስሳው ወዳለበት መሄድ። በ1960 ከፍሬድ ኩርት ጋር ኢትዮጵያ ገባ። ኩርት በኋላ በእስያ ዝሆኖች ጥናት ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። ሁለቱ ለአንድ ዓመት ያህል በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ሲዞሩ ከረሙ። የመኝታ ገደሎችን ፈለጉ፣ መንጋ ቆጠሩ። በመጨረሻ ዋና ማረፊያቸውን ኤረር ጎታ አካባቢ፣ እነሱ ነጭ ቋጥኝ ብለው የሰየሙት ገደል አጠገብ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ዝንጀሮን በዱር ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ ያጠና ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቺምፓንዚዎችን ያጠናችው ጄን ጉዶል ዛሬ ታንዛኒያ ወደምትባለው አገር፣ ጎምቤ የገባችው በዚያው በ1960 ነው። እሷን ዓለም ሁሉ ያውቃታል፤ ይገባታልም። ኩመር ግን ካሜራ የሚከተለው ሰው አልነበረም።

የኤረርን ቆላ የማያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ግራርና እሾህ ነው። ደረቅ ሸለቆ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ድንጋዩ ይፋጃል። ሀማድርያስ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚውል እንስሳ አይደለም። ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ የግራር አበባና ፍሬ፣ ሥርና ቅጠል እየለቀመ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እኩለ ቀን ላይ ውሃ ይፈልጋል። ማታ ተመልሶ ገደል ላይ ያድራል። ነብርን የሚያመልጠው በዚህ ነው። ኩመርና ኩርት ይህን መንገድ በእግራቸው አብረው ሄዱ። መጀመሪያ ከሩቅ። እንስሶቹ ሲለምዷቸው ከቅርብ።

ማልዶ ገደሉ አናት ላይ የሚሆነውን ኩመር የጻፈው እንዲህ ነው። መንጋው ከመኝታው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ልጆቹ ይራገጣሉ። ትልልቆቹ ፀጉር ይበጣጠራሉ። ከዚያ አንድ ወንድ ተነስቶ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቀመጣል። ሚስቶቹ ይከተሉታል። ሌላው ወንድ በሌላ አቅጣጫ እንዲሁ ያደርጋል። የመንጋው ጠርዝ አንዴ በዚህ በኩል ያብጣል፣ አንዴ በዚያ በኩል። ኩመር አሜባ አስታወሰኝ ይላል፤ ገላዋን እንደ እግር እየዘረጋችና እየሰበሰበች የምትሄደውን። ብዙዎቹ ተዘርግተው ይመለሳሉ። አንዱ ግን ተከታይ ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ወንድ በዚያ በኩል ተነስቶ መራመድ ሲጀምር መንጋው በሙሉ ይፈሳል።

ልብ በሉ፤ የሚጮኽ የለም። የሚማታም የለም። ስምምነት ነው።

ከሁሉ የምወደው የሁለት ወንዶች ታሪክ ነው። ኩመር ሰርኩም እና ፓተር ብሎ ሰይሟቸዋል። ሰርኩም ወጣቱ ነው፣ ፓተር ሽማግሌው። ሁለቱ ቤተሰባቸውን ይዘው አብረው ይጓዛሉ። ሰርኩም ከፊት ሆኖ መንገድ ይመርጣል። ግን በየጊዜው ዞር እያለ ፓተርን ያያል። ፓተር ከተነሳ ጉዞው ይቀጥላል። ፓተር ተቀምጦ ከቀረ ሰርኩም ይመለስና ሌላ አቅጣጫ ይሞክራል። ሐሳብ የሚያመጣው ወጣቱ ነው፤ የሚያጸድቀው ሽማግሌው። ኩመር ይህን ያየው ዝም ብሎ አንዴ አይደለም። ደጋግሞ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ በ1968 በታተመው ጥናቱ ላይ አስፍሮታል። ሽማግሌው ሚስቶቹን ለወጣት ካስረከበ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያው አይጠፋም። ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ወዴት እንሂድ በሚለው ጉዳይም ድምፁ ይሰማል።

ሁሉም ነገር ያማረ ነው እያልኩ አይደለም። ሀማድርያስ ወንድ ሴቶቹን በግድ ነው አብረውት እንዲሄዱ የሚያደርጋቸው። አንዷ ወደኋላ ከቀረች መጀመሪያ ዓይኑን ያፈጥጥባታል። ካልመጣች ሮጦ አንገቷን ይነክሳታል። ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ አያቆስልም። የሚገርመው ግን ከተነከሰች በኋላ የምትሮጠው ከሱ ርቃ ሳይሆን ወደሱ ነው። ወጣት ወንድ ደግሞ ገና ያልደረሰች ግልገል ወስዶ እንደ እናት እየተሸከመ ያሳድጋታል። ስታድግ የመጀመሪያ ሚስቱ ትሆናለች። ይህን ክፍል ሳስተምር ሴት ተማሪዎቼ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። እኔም አልፈርድባቸውም።

እዚህ ላይ የልጅነቴን አንድ ነገር ላንሳ። ኤረር ውስጥ ፀጉራቸው የረዘመ ወጣት ፈረንጆች ይታዩ ነበር። እኛ ልጆቹ እየጮኽን እንከተላቸዋለን። ትልልቆቹ ደግሞ በየበርጫው ይከራከራሉ። አንዱ ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው ይላል። ሌላው ሰላዮች ናቸው ይላል። ጀልዴሳ (በኦሮምኛ ዝንጀሮ) ሊያዩ ነው የመጡት ያለ ሰው ተሳቀበት። አቦ! ጀልዴሳ ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ? አባቴ ግን ሃዲዱ ላይ ስለሚውል ጠዋት ከዝንጀሮዎቹ ኋላ ሲሄዱ፣ ማታ ከዝንጀሮዎቹ ኋላ ሲመለሱ ያያቸው ነበር። ሰላይ ቢሆኑ ሌላ የሚሰልሉት ነገር ባላጡ ነበር ይል ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስማር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የኩመርን የ1968 ጥናት አገኘሁ። ስገልጠው የኤረርን ስም አየሁ። እናቴ ውሃ ትቀዳበት የነበረው ሸለቆ ያለበት አገር፣ ቺካጎ በታተመ መጽሐፍ ላይ! ጎኔ የተቀመጠውን ልጅ ክንዱን ይዤ አሳየሁት። እሱ የጎጃም ልጅ ነበር፤ ብዙም አልገረመውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥባችሁ ልመለስ፤ ወደ መገዳደሉ። ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ያለው በኩመር ሙከራ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዋልተር ጎትስና ከዋልተር አንግስት ጋር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ማየት ብቻ አላረካውም። በዱር ያየውን እዚያው በሜዳ በሙከራ መፈተን ፈለገ። ከእሱ በፊት ይህን በዝንጀሮ ላይ የሞከረ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ሙከራው እንዲህ ነው። የሚተዋወቁ ሁለት ወንዶች ይያዛሉ። አንዱ ከማያውቃት ሴት ጋር አጥር ውስጥ ይገባል። ሌላው ከጎን ካለ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለተኛውም ይለቀቃል። ጋዜጣችሁ እንዳለው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ደም መፍሰስ ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ወንድ ጥግ ይይዝና ጀርባውን ይሰጣል። ሰማይ ያያል። ጠጠር ያነሳል፣ ይጥላል። ገላውን ያካል። ሴቷን እንዳላያት ይሆናል።

ደካማ ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። ኩመርም ይህ ጥያቄ እንደሚነሳበት ስላወቀ ቦታቸውን አቀያየረው። በሌላ ሴት፣ ያ ተመልካች የነበረው ባለቤት ሆነ፤ ባለቤት የነበረው ተመልካች። አሁን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ተራው ደርሶ ሰማይ ማየት ጀመረ። ስለዚህ ጉልበት አልነበረም። የጓደኛን ትዳር ማክበር ነበር፤ ሌላ ምን ልበለው? ጥናቱ በ1974 ታተመ።

ይህን ሙከራ ክፍል ውስጥ ስተርክ ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ የሚስቁት ጠጠር የሚያነሳው ጋ ሲደርሱ ነው። አንድ ጊዜ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሴቷንስ የጠየቃት አለ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን የቀልድ አልነበረም። ኩመርም ወደዚያው ደርሷል። በ1980 ከባህማን ጋር ባሳተመው ጥናት መጀመሪያ ሴቷ የትኛውን ወንድ እንደምትመርጥ ለካ። ቀጥሎ ተቀናቃኝ አመጣ። ሴቷ ባለቤቷን አጥብቃ የምትወድ ከሆነ ተቀናቃኙ ለመንጠቅ የሚያደርገው ሙከራ ይቀንሳል። ያቺ አንገቷን የምትነከሰው ሴት ምርጫዋ ዋጋ አለው ማለት ነው። ወንዶቹም ምርጫዋን ያነብባሉ።

ከሙከራዎቹ የማልወደው አንድ አለ። ከአዋሽ ፏፏቴ በላይ የሚኖረው ሌላ ዓይነት ዝንጀሮ ነው፤ አኑቢስ ይባላል። አኑቢስ ሴት ባለቤት የላትም፤ እንዳሻት ትሄዳለች። ኩመርና ጓደኞቹ አኑቢስ ሴቶችን ይዘው ሀማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ። ሀማድርያስ ወንድ ወዲያው ያዛት፣ ነከሳት። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መከተልን ተማረች። ሀማድርያስ ሴት አኑቢሶች መሃል ስትለቀቅ ደግሞ በተቃራኒው፣ የሚነዳት ወንድ ስታጣ መከተሉን ተወችው። ውጤቱ ትልቅ ነው። የሴቷ ጠባይ በኑሮ የሚለወጥ መሆኑን ያሳያል፤ የወንዱ መንዳት ግን አብሮት የተወለደ ይመስላል። ኡሊ ናግል የተባለው የሥራ ባልደረባው አዋሽ ላይ የሁለቱን ዝርያዎች ድቅሎች ሲያጠና ያየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ድቅል ወንዶች ሴት ለመንዳት ይሞክራሉ፤ ግን አይሳካላቸውም። ሳይንሱ ገብቶኛል። እነዚያ ተወስደው የተጣሉ ሴቶች ግን ያሳዝኑኛል። ዛሬ ይህን ሙከራ ለማስፈቀድ ቀላል የሚሆን አይመስለኝም።

እኔ በልጅነቴ ያየኋቸው ወጣቶች የኩመር ተማሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ጊዜው ይገጥማል። ከ1971 እስከ 1977 ዣን ዣክ አቤግለን፣ ሀንስ ሲግና አሌክሳንደር ስቶልባ እየተፈራረቁ ኤረር ጎታ አካባቢ ሾጣጣው ቋጥኝ ባሉት ገደል ላይ ሠርተዋል። አቤግለን እንስሶቹን አንድ በአንድ እየለየ ለዓመታት ሲከታተል መምህሩ ያላየውን አየ። በቤተሰቡና በትልቁ ኅብረት መካከል ሌላ እርከን አለ። ጥቂት ቤተሰቦች ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ወንዶቻቸውም ይመሳሰላሉ። ጎሳ ብሎ ጠራው። ወንድ ልጅ አባቱ ጎሳ ውስጥ ይቀራል፤ ሴቶቹ ናቸው ወደ ሌላ የሚሄዱት። እንግዲህ ከታች ቤተሰቡ፣ ከላዩ ጎሳው፣ ከላዩ ኅብረቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ገደል ላይ አብሮ የሚያድረው መንጋ። አራት እርከን። ዛሬ ስለ ጭላዳም ሆነ ስለ ሌሎች እንስሶች እንዲህ ያለ ተደራራቢ ማኅበር ሲነሳ ተመራማሪዎች ማነጻጸሪያ የሚያደርጉት የኤረርን ሀማድርያስ ነው።

ሲግና ስቶልባ ደግሞ የቀን ጉዞውን ያዙ። ቆላው ምግቡ የተበታተነ ስለሆነ ኅብረቱ ጠዋት ከወጣ በኋላ ይከፋፈላል። ሆኖም እኩለ ቀን ላይ ውሃው ጋ ይገናኛል። እንዴት ይህ ይሆናል? ጠዋት ሲነሱ የሚይዙት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ቀን ውሃ የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ። ማለዳ ገደሉ ላይ የሚደረገው ያ ሁሉ ዝምተኛ ክርክር ስለ ውሃ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1977 (በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም.) ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ገባ። እኛም ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ ናዝሬት ሸሸን። የኤረሩ ጥናትም በዚያው ተቋረጠ።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ክሊፍ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ከ1973 ጀምሮ አዋሽ ላይ ድቅሎቹን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በ1996 ላሪሳ ስዌደል ፊሎሃ ገባች፤ አዋሽ ፓርክ ሰሜን ጫፍ፣ ፍል ውሃውና ዘንባባው ጋ። እሷ በተለይ ሴቶቹን ተከታትላለች። ኩመር ለወንዶቹ ያደላ ዓይን ነበረው ብል አላጋንንም፤ የእሷ ሥራ ያንን ሚዛን አስተካክሏል። ወንዶቹ ቤተሰብ ሲነጣጠቁ ግልገሎች የሚሞቱበት ጊዜ እንዳለም በ2003 ከተክሉ ተስፋዬ ጋር ሆና አሳትማለች። ስለዚህ ዝንጀሮ መልአክ ነው አላልኩም። የምለው ጉዳዩ ተጠንቷል፣ መልሱም «ሲገዳደሉ ይውላሉ» ከሚለው በጣም የተለየ ነው።

ኩመር ለሰፊው አንባቢ የጻፈው መጽሐፍ በ1992 በጀርመንኛ፣ በ1995 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። እሱ ራሱ በ2013 ዓለምን ተሰናብቷል። ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬ በየቦታው አሉ። የእኔ ተማሪዎች ግን ከድሬዳዋ ጥቂት ራቅ ብሎ የተሠራውን ሥራ ከእኔ አፍ ካልሆነ ከየትም አላገኙትም። በማስተምርበት መጽሐፍ ላይ የእንስሳት ማኅበራዊ ኑሮ ሲነሳ ምሳሌው ሁልጊዜ ንብና ምስጥ ነበር። ንብም ምስጥም ጥሩ ናቸው። ግን መስኮት ከፍቶ «ያ ጋራ ይታያችኋል?» ማለት የሚቻልበት ምሳሌ እያለ?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ዘገባችሁን አርሙት። ይህ ቀላሉ ነው። ከዚያ ደግሞ ስለ ሰውየውና ስለ ሥራው አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። እዚያም ላይ የኤረር ሽማግሌዎች እንዲናገሩ አድርጉ። ውሃ የጫነላቸው፣ መንገድ ያሳያቸው፣ ሌሊት ድንኳን የጠበቀላቸው የአገር ሰው መኖሩ አይቀርም። ኢሳው፣ ኦሮሞው፣ የባቡሩ ሠራተኛ የሚያስታውሰው ነገር ይኖራል። ከእነዚያ ሰዎች መካከል በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ዘንድሮ ካልተጠየቁ ማን ይጠይቃቸዋል?

ስለ ማሳውም ቃል ልጨምር። ዘገባው ላይ ስለ መርዝ ያወሩ ሰዎች ነበሩ። እባካችሁ ይህን አታበረታቱ። መርዝ የሚያገኘው ዝንጀሮውን ብቻ አይደለም፤ ውሻውንም፣ አሞራውንም፣ ፍየሉንም ነው። የኩመር ሥራ ለገበሬው የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ። መንጋው ያለ ገደልና ያለ ውሃ አይኖርም። የሚያድርበት ገደልና የሚጠጣበት ቦታ ከታወቀ የሚመጣበት አቅጣጫና ሰዓትም ይገመታል። ጠባቂው ቀኑን ሙሉ ማሳውን ከሚዞር በዚያ ሰዓት በዚያ በር ላይ ቢቆም ይሻለዋል። ልጆቹም ቢያንስ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ። ይህን በየመንደሩ ሊሠራ የሚችል የግብርና ባለሙያ አይጠፋም።

ዘጋቢያችሁ ኤረር መሄድ ከፈለገ አብሬው እሄዳለሁ። ጉልበቴ ለገደሉ ባይሆንም እስከ ግርጌው ይበቃኛል። ከድሬ ከምሳ በፊት መነሳት አለብን፤ መንጋው ወደ መኝታው መሰብሰብ የሚጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሆነ ቀድመን ቦታ መያዝ ይሻላል። ባርኔጣ፣ በቂ ውሃና እሾህ የማይበሳው ጫማ ይያዝ። መኪናው ራቅ ብሎ ይቁም። ሙዝና ዳቦ ግን እንዳያመጣ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነው በኋላ ማሳ የሚገባው። ስልኬ ዝግጅት ክፍላችሁ ዘንድ አለ። ከቅዳሜ በቀር በማንኛውም ቀን ይመቸኛል፤ ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት፣
ከዚራ፣ ድሬዳዋ